ሳይጠሩት አቤት የሚል ደወል

ያገራችን ሰው ባልተጠራበት ቦታ እየገባ የሚናገረውን ሰው «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» እያለ ይተርትበታል። እኔ በዚህች ጽሑፍ ላነሣ ያሰብኩት ግን ስለ እንዲህ ያለ ሰው ሳይሆን ስለ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው። ዕቃዋም የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ትንሽ ደወል ናት፤ በሙያው ያሉት ሰዎች ባዘር ይሏታል። ስትጠራ ብቻ እንድትናገር አድርጌ ሠራኋት፤ እርስዋ ግን ሳትጠራ አቤት ትል ጀመር። ይህን ጠባይዋን ለማስተው ስድስት ሳምንት ሙሉ ደከምኩ። በመጨረሻ ጥፋቱ የደወሏ ሳይሆን የእኔ ሆኖ ስላገኘሁት፥ ታሪኩ ለጓደኞቼ ቢነገር ይጠቅማል በማለት እነሆ ጻፍኩት።

አንባቢ ሆይ፥ የሕግ ወይም የታሪክ ተማሪ ከሆንክ «ይህ የመሐንዲሶች ጣጣ ነው» ብለህ ገጹን እንዳትገልጥብኝ እለምንሃለሁ። የኤሌክትሪኩን ነገር በተቻለኝ መጠን በግልጽ ቋንቋ አስረዳለሁ፤ የቀረው ደግሞ የማንኛችንም ጉዳይ ነው።

በመኝታ ክፍላችን ስድስት ሆነን እንኖራለን። ውኃ በግቢው ቧንቧ የሚወርደው ሌሊት ሌሊት፥ ብዙ ጊዜም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በበሩ ጀርባ የተራ ዝርዝር ለጥፈናል፤ ተረኛው ይነሣና ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሞልቶ ያስገባል፤ ተመልሶም ሁለተኛውን ይሞላል። በዝርዝሩ ላይ ግን የተጻፈው የአምስት ሰው ስም ብቻ ነበር። ስድስተኛው ጓደኛችን ዓይነ ሥውር ነው።

ስሙን የተውነው በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። አንድ ቀን ማታ ግን፥ «እስቲ ያንን ዝርዝር አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት።

«ስድስተኛውስ?»

«ስድስተኛ የለም።»

«እኔ ውኃ አልጠጣም እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ገባ።

ወደ ቧንቧው የሚወስደውን መንገድ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። እኛ በጨለማ ስንደናበር እርሱ ደረጃውን ቆጥሮ ይወርዳል። ሸክሙም አያቅተውም። የሚያስቸግረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ጀሪካኑ መሙላቱን ማወቅ ነው። በሌላ ቦታ ቢሆን ጆሮው ይበቃው ነበር፤ ውኃ በዕቃ ውስጥ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳልና። በእኛ ቧንቧ ላይ ግን ጎማ ተሰክቶ እስከ ጀሪካኑ ሥር ስለሚገባ ውኃው ድምፅ ሳያሰማ ይሞላል። ስለዚህ ጓደኛዬ ጣቱን በጀሪካኑ አፍ እያስገባ ይለካ ነበር። ጥቂት ቀን እንደ ቆየ ከመካከላችን አንዱ፥ «በምንጠጣው ውኃ ውስጥ ጣት?» ብሎ አጉረመረመ። ጓደኛዬ ሰምቷል፤ ነገር ግን ምንም አልመለሰም።

እኔ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነኝና ይህ ነገር በሙያዬ የመጣ መስሎ ተሰማኝ። «ይህን ችግር በአንድ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ያሰብኩት መሣሪያ ቀላል ነው። ሦስት ሽቦ በጀሪካኑ አፍ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ረጅም፥ ሁለተኛው መካከለኛ፥ ሦስተኛው አጭር ነው። የቧንቧ ውኃ በውስጡ የሟሟ ጨው ስላለበት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ስለዚህ ውኃው ከፍ ብሎ መካከለኛውን ሽቦ ሲነካ «ሊሞላ ነው»፥ አጭሩን ሲነካ ደግሞ «ሞልቷል» ማለት ይሆናል። ይህን የሚያስተውለው አርዱዊኖ ናኖ የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ነው። አርዱዊኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በኢጣሊያ አገር በኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች መማሪያ ታስቦ የተጀመረ ሥራ ነው፤ በሰሌዳው መካከል አትሜጋ 328ፒ የሚባል ማይክሮኮንትሮለር አለ። ማይክሮኮንትሮለር ማለት ፕሮግራም የሚጻፍበት፥ በእግሮቹም በኩል ኤሌክትሪክ የሚቀበልና የሚሰጥ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። እግሮቹን ፒን እንላቸዋለን።

ከመርካቶ አንዲት ባዘር ገዛሁ። ሽቦዎቹን በብሬድቦርድ ላይ ሰካክቼ፥ በአራት ባትሪ ድንጋይ እንዲሠራ አድርጌ፥ ሁሉንም በፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተትኩና ጓደኛዬ በአንገቱ እንዲያንጠለጥለው ገመድ አበጀሁለት። ውኃው ሊሞላ ሲል ባዘሯ በ500 ኸርትዝ ወፍራም ድምፅ፥ ሲሞላ ደግሞ በ2500 ኸርትዝ ቀጭን ድምፅ እንድትጮህ ፕሮግራሙን ጻፍኩ። ከዚህም በላይ ለሥራዬ ውበት እንዲሆን አንድ ነገር ጨመርኩ፤ እርሱን ግን በቦታው እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ጥፋት የታየው ገና መሣሪያው ሲከፈት ነው። ማብሪያውን በተጫንኩ ቁጥር ባዘሯ ምንም ውኃ ሳይነካት ጠቅ ጠቅ ትላለች። ምክንያቱን ፈልጌ ለማግኘት ብዙ አልቸገረኝም። ባዘሯን የሰካሁት በ13ኛው ፒን ላይ ነበር። አርዱዊኖ ሲከፈት ደግሞ የእኔን ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት በውስጡ ያለች ሌላ አጭር ፕሮግራም ትሠራለች፤ እርስዋም በ13ኛው ፒን ላይ ያለችውን የሰሌዳውን መብራት ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። በዚያው ፒን ላይ ባዘር ካለ እርስዋም አብራ ትመታለች። ባዘሯን ወደ 8ኛው ፒን ባዛውራት ጠቅታው ጠፋ። እኔም «መሐንዲስ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ ኮራሁ።

ኩራቴ ግን አንድ ሳምንት አልቆየም። በተራው ሌሊት ጓደኛዬ መሣሪያውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ወረደ። ጠዋት ስንነሣ ሁለቱም ጀሪካኖች ግማሻቸው ባዶ ነው። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ሊሞላ ነው አለችኝ፤ ዘጋሁት» አለ። በሁለተኛውም ተራ እንደዚያው ሆነ። ጣት በውኃ ውስጥ ብሎ ያጉረመረመው ልጅ፥ «ተወው፤ እኛ እንቀዳለን፤ ለምን ይቸገራል?» አለ። ይህን ሲናገር ድምፁ ርኅራኄ ነበረበት፤ ለጓደኛዬ ግን ከማጉረምረሙ ይልቅ የከፋው ይህ ርኅራኄ ነበር። የሳሙና ማስቀመጫውን ከአንገቱ አውልቆ በጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፥ «ሙያህን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ይህች ዕቃ ትዋሻለች» ብሎኝ ወጣ።

በዚያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለ ነበረ መሣሪያውን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አደመጥኩ። እውነቱን ነው። ሽቦዎቹ ደርቀው ሳሉ፥ ውኃ በአጠገባቸው ሳይኖር፥ ባዘሯ በጣም በቀስታ እምምም ትላለች። ለእኔ ይህ ተራ እምታ ነው፤ በቀን በጫጫታ መካከል እንኳን አይሰማም። ለእርሱ ግን ድምፁ «ሊሞላ ነው» ብዬ ካስተማርኩት ወፍራም ድምፅ ጋራ ተመሳሳይ ነበር። እኔ መሣሪያውን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ቢያብልም አልስትም። እርሱ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። ለሚያይ ሰው ትንሽ ረብሻ የሆነው ነገር ለማያየው ሰው የሐሰት ምስክር ነው።

ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ስናገር አፍራለሁ፤ ዳሩ ግን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጥቅም የለውም። ምክንያቱን በመፈለግ ፈንታ ድምፁን ማፈን ጀመርኩ። በመጀመሪያ የባዘሯን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፈንኩት፤ እምታው ቀነሰ፥ እውነተኛውም ጥሪ ደከመ። ቀጥሎ በባዘሯ መንገድ ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመርኩ፤ አሁንም ሐሰቱም እውነቱም አብረው ደከሙ። በሦስተኛው ጊዜ «ሻጩ አታለለኝ» ብዬ ወደ መርካቶ ሄጄ ሌላ ባዘር ገዛሁ፤ አዲሲቱም እንደ አሮጊቲቱ እምም አለች። በአራተኛው ጊዜ ባትሪውን ጠረጠርኩና አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገባሁ፤ ከኃይል መስመሩም ላይ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሰካሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። በወደቀ ግንድ ላይ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ የምታሰማው እርስዋ በመሆንዋ ብቻ ምሳሬን ሁሉ ያሳረፍኩት በባዘሯ ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኦሲሎስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ብጠቀም ነገሩ ይታይ ነበር። የሞገዱን ቅርጽ በመስኮቱ ላይ ስሎ ያሳያልና። ነገር ግን ቤተ ሙከራው የሚከፈተው በትምህርት ሰዓት ብቻ ነው፤ ተራውም ረጅም ነው። በእጄ ያለው መልቲሜትር ብቻ ሲሆን፥ እርሱም እንዲህ ያለውን ፈጣን ነገር ለመከተል አይችልም።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሁላችንም አልጋ ላይ ሳለን እኔ መሣሪያውን ከፍቼ በጨለማ እታገለው ነበር። ጓደኛዬ ከማዶው አልጋ፥ «እስቲ ወዲህ አምጣት» አለኝ። ሰጠሁት። በጆሮው ላይ አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

«ይህች ዕቃህ ትተነፍሳለች» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዝም ብለህ ስማ። ስትነሣ ቀጭን ናት፤ ቀጥሎ ትሞላለች፤ ደግሞ ትቀጥንና ትጠፋለች። ጥቂት ታርፋለች፤ እንደገና ትነሣለች። ዜማው ከፍና ዝቅ አይልም፥ አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው ጠባዩ ነው። በውስጧ የሚተነፍስ ነገር ምን አለ?»

ድምፁ በጠፋ ቁጥር በጣቱ የአልጋውን ብረት እንዲመታልኝ ለመንኩትና እኔ መሣሪያውን ተመለከትኩ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚታየው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ለውበት ብዬ የጨመርኩት መብራት። አራት ነጫጭ ኤል ኢ ዲ መብራቶች በሳሙና ማስቀመጫው ክዳን ላይ ደርድሬ፥ ቀስ ብለው እንዲደምቁ፥ ሲደምቁ ግማሽ ሰከንድ እንዲያርፉ፥ ቀስ ብለው እንዲደበዝዙ፥ ሲጠፉም ግማሽ ሰከንድ እንዲያርፉ አድርጌአቸው ነበር። በውድ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲህ ያለ መብራት አይቼ ደስ ስላለኝ ነው።

መብራቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ጓደኛዬ ብረቱን መታ። ደምቆ ሲያርፍም መታ። በመካከሉ ግን ድምፁ ይሰማል። መብራቱ አንድ ጊዜ ሲተነፍስ ባዘሯ ሁለት ጊዜ ትተነፍሳለች። አሥር ጊዜ ተመለከትኩ፤ አንድም ጊዜ አልሳተም።

«መብራቱ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«መብራት አለባት እንዴ?»

«አልነገርኩህም?»

«አልነገርከኝም። ምን ታደርግበታለህ?»

«መሥራትዋን እንዲያሳይ ነው።»

«ለማን?»

መልስ አልነበረኝም። የመብራቱን ሽቦ ነቀልኩት፤ ባዘሯም በዚያው ቅጽበት ዝም አለች።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳ። የአርዱዊኖ ፒን ኤሌክትሪክ ይሰጣል ወይም አይሰጥም እንጂ ግማሽ መስጠት አያውቅም። ስለዚህ መብራት እንዲደበዝዝ ሲፈለግ በጣም ፈጥኖ ያበራዋል፥ ያጠፋዋል፤ ዓይናችን ዘገምተኛ ስለ ሆነ የሚታየው ደብዛዛ ብርሃን ይሆናል። ፍጥነቱም በስሌት የታወቀ ነው። ሰሌዳው በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ እኔ መብራቱን በሰካሁበት በ9ኛው ፒን ይህ ቁጥር በመጀመሪያ ለ64፥ ቀጥሎ ለ510 ይካፈላል፤ ውጤቱም 490 ኸርትዝ ያህል ነው። ዓይን 490ውን መከተል አይችልም፤ ጆሮ ግን ከ20 እስከ 20,000 ኸርትዝ ድረስ ስለሚሰማ 490ውን በደኅና ይሰማል። ለዓይን የተደበቀው ለጆሮ ገሃድ ነው። ከ500ውም ያለው ልዩነት 10 ኸርትዝ ብቻ ስለ ሆነ ጓደኛዬ ቢሳሳት አይፈረድበትም። መብራቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ወይም ፈጽሞ ሲደምቅ ደግሞ ማብራት ማጥፋቱ ስለሚቆም ድምፅ የለም። ሁለቱ ዕረፍቶች እነዚህ ናቸው።

ነገር ግን መብራቱ በ9ኛው ፒን፥ ባዘሯ በ8ኛው ፒን ሆነው ሳሉ የአንዱ ወሬ ወደ ሌላው እንዴት ተሻገረ? በጋራ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ የሄደበትን ሥራ ጨርሶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ይህን የመመለሻ መንገድ ግራውንድ ይሉታል። እኔ ለመብራቶቹም ለባዘሯም የሰጠሁት አንድ ቀጭን ጥቁር ሽቦ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከብሬድቦርዱ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው የግራውንድ ፒን ይሄዳል። በወረቀት ላይ ስንስል ግራውንድ ማለት ዜሮ ቮልት ነው፤ በእውነተኛው ሽቦ ላይ ግን ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ኦም የተባለው ጀርመናዊ በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስተማረን፥ ኤሌክትሪክ ተቃውሞ ባለበት መንገድ ሲያልፍ ቮልት ይፈጠራል። አራቱ መብራቶች እያንዳንዳቸው 20 ሚሊአምፔር፥ በድምሩ 80 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ። ሽቦውና የብሬድቦርዱ መሰኪያ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ብቻ አላቸው ብንል እንኳን 40 ሚሊቮልት ይሆናል። ይህ 40 ሚሊቮልት በሰከንድ 490 ጊዜ ብቅ ጥልቅ ይላል። የባዘሯ አንዱ እግር በዚህ በሚንቀጠቀጠው ግራውንድ ላይ፥ ሁለተኛው እግርዋ ደግሞ በሰሌዳው ጸጥተኛ ፒን ላይ ስለ ሆነ መንቀጥቀጡ በሙሉ በእርስዋ ላይ ያርፋል።

«40 ሚሊቮልት ምን ሊያደርግ?» የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። ግን የእኔ ባዘር ፒዬዞ የምትባለው ዓይነት ናት። ፒዬርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1880 አንዳንድ ማዕድን ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ አሳዩ፤ በማግስቱ ዓመትም ያው ማዕድን ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ቅርጹ እንደሚለወጥ አረጋገጡ። ፒዬዞ ባዘር ከዚህ የመጣች ናት። በስስ የነሐስ ቅጠል ላይ የተለጠፈ ሸክላ መሰል ነገር አላት፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይለጠጣል፥ ይኮማተራል፤ ቅጠሉም ተርገብግቦ አየሩን ይመታል። የምትፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ሌላውን ዕቃ የማይነካው 40 ሚሊቮልት እርስዋን በሹክሹክታ ያናግራታል። ባዘሯ እንግዲህ ሐሰተኛ አልነበረችም። በእግርዋ ላይ የመጣውን ሁሉ በታማኝነት ትናገር ነበር። ሐሰቱን ያመጣሁባት እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆነ። ለባዘሯ ለብቻዋ ሌላ ጥቁር ሽቦ ሰጠኋትና በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሁለተኛ የግራውንድ ፒን ወሰድኩት። መብራቱን መልሼ ብሰካው እንኳን እምታው አልተመለሰም። ሬዚስተሩን አወጣሁ፥ ፕላስተሩን ላጥኩ፤ እውነተኛው ጥሪ እንደ ቀድሞው ጎላ።

እንግዲህ መብራቱን ልተወው ወይስ ላንሣው? ጥፋቱ ስለ ታረመ ቢኖርም አይጎዳም ነበር። በዲፓርትመንታችን የተማሪዎች ሥራ የሚታይበት ቀን ቀርቦ ስለ ነበረ፥ እውነቱን ለመናገር መብራቱን እወደው ነበር። ነገር ግን «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። መሣሪያውን የሠራሁት ለማያይ ሰው ነው ስል፥ አብዛኛውን ባትሪ የሚበላው፥ ስድስት ሳምንት ያንገላታን፥ ጓደኛዬንም በክፍሉ ሰው ፊት ያሳፈረው፥ ለሚያይ ሰው የተሠራው ጌጥ ነበር። መብራቱን ነቀልኩ። በእርሱ ቦታ ማብሪያው ሲጫን ባዘሯ አንድ ጊዜ ብቻ አጭር ጥሪ እንድታሰማ አደረግሁ፤ መሥራትዋን የሚያስታውቀው ይህ ነው። «ሊሞላ ነው» የሚለውንም ድምፅ ከሌላ ነገር ጋራ እንዳይምታታ ወደ 1500 ኸርትዝ ወስጄ ሁለት ሁለት ጊዜ እየተቆራረጠ እንዲጮህ አደረግሁት። በማሳያው ቀን አብዛኛው ሰው በእኔ ጠረጴዛ አጠገብ አልፎ መብራት ወደሚብለጨለጭበት ወደ ጎረቤቴ ሄደ። ትንሽ አልከፋኝም ብል ውሸት ይሆናል።

እንዲህ ያለ ሥራ ለምትጀምሩ ጓደኞቼ ከድካሜ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ባዘር ያለ ጊዜዋ ስትናገር በመጀመሪያ ምን ላርግባት አትበሉ፤ መቼ ትናገራለች? ብላችሁ ጠይቁ። ስትከፈት ብቻ ከሆነ ፒኑን ተመልከቱ። ፕሮግራሙ እስኪጀምር ድረስ ፒን ባለቤት እንደሌለው በር ክፍት ነው፤ ባዘሯን በትራንዚስተር የምትነዱ ከሆነ ከትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማሰር በሩን ይዘጋዋል። ሌላ ነገር ሲሠራ ብቻ ከሆነ፥ መብራትም ይሁን ሞተር፥ የጋራ መንገዳቸውን ፈልጉ። ጥሪዋ ራሱ የተንኮሻኮሸ ከሆነ፥ ፕሮግራማችሁ «ጩኺ» የሚለውን ትእዛዝ በየዙሩ እየደጋገመ ድምፁን ከመጀመሪያው እያስጀመረው ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ማዘዝ ይበቃል። ጨርሶ ዝም የማትል ከሆነ ደግሞ ቮልቱን አስተያዩ። በገበያ የሚሸጡ አንዳንድ ባዘሮች በ5 ቮልት ትራንዚስተር የሚነዱ፥ ፒኑ ዜሮ ሲሆን የሚጮኹ ናቸው። እነርሱን በ3.3 ቮልት በሚሠራ ሰሌዳ ብታዙአቸው፥ ሰሌዳው «ዝጊ» ሲል የሚሰጠው 3.3 ቮልት ከ5ቱ በ1.7 ያንሳል። ትራንዚስተሩን ለመክፈት 0.7 ቮልት ያህል ስለሚበቃ በሩ አይዘጋም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ፕላስተር መድኃኒት የሆነበት ቦታ የለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ነገሩን ከዚህ አልፌ ወደ ትልቅ ስብከት ልወስደው አልፈልግም። ነገር ግን እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ለሌላው የሚጠቅም ነገር ስንሠራ፥ ለእርሱ ከሚያስፈልገው ይልቅ ለእኛ የሚያምረውን እንደምንጨምር፥ ነገሩም ሲበላሽ ጥፋቱን ሁሉ በሚናገረው ላይ እንደምናሳርፍ በራሴ አይቻለሁ። ያ ልጅ «ይህች ዕቃ ትዋሻለች» ባለኝ ቀን ምን እንደሰማ ብጠይቀው ኖሮ ስድስቱ ሳምንት አንድ ሌሊት ይሆን ነበር። እኔ ግን የሚያደምጠውን ሰው ትቼ ከባዘሯ ጋራ ተጣላሁ።

ባለፈው ረቡዕ ሌሊት ተራው የጓደኛዬ ነበር። ማብሪያው ሲጫን ያቺን አንዲት አጭር ጥሪ በእንቅልፍ ልቤ ሰማሁና ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት ሁለቱ ጀሪካኖች እስከ አንገታቸው ሞልተው በበሩ ጀርባ ቆመዋል። ያ ያጉረመረመው ልጅ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ፤ የቀረውንም ጠጣ። ስለ ውኃው ማንም ምንም አላለም። ሐሙስ ደግሞ ተራው የእኔ ነበር።